የካንዴላ ሠራዊት

ጵርስቅላ መሣል አትችልም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ ለእሷ እንዳታደሉ ነው። ዶሮ ልሣል ብላ ጀምራ ድንች ላይ የምትጨርስ ልጅ ነበረች። እኔ ግን ማንም ሳያስተምረኝ፣ በከሰልም በጡብ ስባሪም፣ የሠፈራችንን የወሰንን አጥር ሁሉ ሥዬ የጨረስኩ ነኝ። አንዱ ቆርቆሮ ላይ በሣልኩት ጅብ የተነሣ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ነው የከረመው። ውሸት ከመሰላችሁ እናቴን ጠይቁ።

ግቢያችን ከነገሳ ጋራዥ ጋር አጥር ይጋራል። እናቴ የሺሃረግ ከትልቁ ቤት ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ታከራይ ነበር። በአንደኛው የሚኖሩት እነጵርስቅላ ናቸው፤ አባቷ ጋሽ ጸጋ ጉርድ ሾላ ባለው የቤተ ክርስቲያናቸው ቢሮ ሒሳብ ይሠራሉ። እሑድ እሑድ እኛ ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ እነሱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በሩ ላይ “እንደምን አደራችሁ” ተባብለን እንተላለፋለን። በቤታቸው ግድግዳ ላይ አንድም ሥዕል አልነበረም። የቀን መቁጠሪያ ብቻ። እሱም ቁጥር ብቻ።

አጥሩ ላይ በተገነጠለች ቆርቆሮ ሾልኬ ጋራዡ ውስጥ እውል ነበር። የነገሳ ልጅ ሚልኬሳ፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ጎረምሳ፣ አንድ ፈረንጅ መኪናው ውስጥ ረስቶት የሄደ ገጹ የተቦጨቀ መጽሔት አግኝቷል። መጽሔቱ ፀሐይ በጠፋችበት ዓለም በሚዋጉ፣ ከሰው ይልቅ ምድጃ በሚመስሉ ብረት ለባሾች የተሞላ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጓቸው ትንንሽ ወታደሮች መሆናቸው ገብቶናል። እንግሊዝኛው ግን ለማናችንም አልበጀን፤ ስለዚህ ሚልኬሳ የራሱን ሕግ አወጣ። ዘመኑ ሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት። ፀሐይ የለችም። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነድዶ አልቆ በቦታው የብረት ምሰሶ በቅሏል። ላዮቹ ከእንጦጦ ይወርዳሉ፣ ታቾቹ ከመገናኛ ይነሣሉ፣ መሐል ላይ፣ ሲግናል ሠፈር፣ ይጨራረሳሉ። የጦር ሜዳችን የተነቀለ የመኪና ኮፈን ነበር። ዕጣ የምንጥለው ስድስቱም ጎኑ ላይ ነጥብ ባደረግንበት ትልቅ ዳዶ፣ በብሎን ማሰሪያ፣ ነው።

ወታደሮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ካንዴላ ታውቃላችሁ? ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረዋን? ያረጁት በጋራዡ ጥግ ተከምረው ሁሉም ሲረግጣቸው እኔ አንዷን አነሣሁና ዳዶ ላይ ሰክቼ አቆምኳት። ወታደር ነበረች! ነጭ ሸክላ አንገት፣ ባለ ቀለበት፤ ባለ ስድስት ጎን ብረት ወገብ፤ ከጭስ የጠቆረ እግር። አንገቷ ላይ ፊት ሣልኩባት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ላዮቹ ደጎች ስለሆኑ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠኋቸው፤ ታቾቹ ክፉዎች ናቸውና በጎን አዙሬ አንድ አንድ ዓይን። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየሁት እንደዚያ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ያያል፣ ክፉ በጎኑ ነው የሚሣለው። ይህን ለማወቅ ዲያቆን መሆን አያስፈልግም።

በዚያው ክረምት መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ ባዶውን ክፍል ተከራዩ። ሠዓሊ ናቸው። እንጦጦ ላይ ለታደሰችው ደብር የፈርዖንን መስጠም ሊሥሉ ከጎጃም ያስመጧቸው የሰበካው አቶ ገረሱ ናቸው። አቡጀዴውን እኛ ግቢ ወጥረው ይሥሉና ሲያልቅ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እናቴ የማኅበሯን ሰዎች ሁሉ እየጠራች “እኔ ግቢ ነው የሚሣለው” ስትል ሰነበተች።

መሪጌታ ኩሩ ሰው ነበሩ። እኔ ኩሩ ነው ያልኳቸው። ሰው ሲያናግራቸው ፊት ለፊት አያዩም፤ ራሳቸውን ዘወር አድርገው እንደ ዶሮ በጎን ነው የሚመለከቱት። ሰላም ስላቸው ከትከሻዬ በላይ ያለውን አጥር እያዩ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይሉኛል። እኔ ደግሞ የሚንቀኝን ሰው ነው የምወደው፤ ይህ አመል እስከ ዛሬም አለቀቀኝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጦርነት ላይ እንዳለን ወደ ኮፈኑ መጡ። የላዮቹን አዛዥ፣ ከሁሉም አሳምሬ የሠራኋትን፣ ግራ ትከሻዋ ላይ ስንጥቅ ያላትን ካንዴላ፣ አነሡ። አላዩዋትም። በአውራ ጣታቸው ከአንገቷ እስከ እግሯ ቀስ አድርገው ዳሰሷት፤ ተመልሰውም ዳሰሷት።

“ማን ሠራው?” አሉ።

“እኛ” አለ ሚልኬሳ።

እኛ! እሱ አንዲት ብሎን እንኳ አላጠበቀም።

“አንዱ ወገን ባለ ሁለት ዓይን፣ አንዱ ባለ አንድ ነው ትሉኛላችሁ?”

“ላዮቹ ደጎች ናቸው መሪጌታ” አልኩ ቀድሜ።

“ደጎቹ አይገድሉም?”

“ይገድላሉ እንጂ! ባለፈው ታቾቹን ፈጀናቸው። አንድም አልተረፈ።”

“ታዲያ ሁለተኛውን ዓይን ምን ሠርተው አገኙት?”

መሪጌታ አዛዤን እጃቸው ውስጥ እንደያዙ “ይህችን ልዋሳት” ብለው ሄዱ። አልመለሷትም።

በማግስቱ በካርቶን ላይ በከሰል የሣሉትን አመጡ። የካንዴላ አንገት ያለው ወታደር፣ በጎኑ የቆመ፣ ትከሻው እንደ ቋጥኝ፤ ከራሱ ኋላ፣ የቅዱሳን አክሊል በሚሆንበት ቦታ፣ ጥርሱ የገጠጠ የማርሽ ጎማ። ፊቱን ግማሽ የሞላ አንድ ዓይን። መስመሩ እንደ ጣት የወፈረ፣ ጥቁር፣ አንድ ጊዜ የተሰመረ ነው። መጽሔቱ ላይ ያሉት ብረት ለባሾች ከእሱ አጠገብ የልደት ኬክ ይመስሉ ነበር። እኔም አየሁት። ያየሁትን አልክድም።

ሚልኬሳ አበደ። “ሐሚ፣ በቃ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሆነው! በዚህ ዓለም ሁለት ዓይን ያለው የለም!” አለኝ። ኮፈኑ ሥር ተቀምጬ የላዮቹን ሁለተኛ ዓይን አንድ በአንድ በምስማር ፋቅሁ። ሸክላ ሲፋቅ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? ጥርስ ያፋጫል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠፈሩ ሁሉ “የመሪጌታ ጦር” ነው የሚለው። የእኔ ካንዴላ፣ የመሪጌታ ጦር።

ላሸንፋቸው ካልቻልኩ ልጠጋቸው ብዬ አንድ ቀን በራቸው ላይ ቆምኩ። አቡጀዴው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሯል፣ ባሕሩ ገና ነጭ ነው።

“መሪጌታ፣ ቀለም ልቀባልዎት። እችላለሁ።”

“የማን ልጅ ነሽ?”

“የእትዬ የሺሃረግ። ሐመልማል ነኝ። ካንዴላዎቹን የሠራሁት።”

ወደ አጥሩ አዩ። “አንቺ አትሆኚም” አሉኝ።

በሳምንቱ ጵርስቅላ ገባች።

ጵርስቅላ! ድንቿ! በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ያየሁትን ዛሬም ቀለሙ ሳይደበዝዝ አየዋለሁ። መሪጌታ የእጇን አንጓ ይዘው ብሩሹን ይመሯታል።

“ይህ የምን ቀለም ነው?” ይሏታል።

“ቀይ።”

“እንደ ምን ያለ ቀይ?”

“እንደ… ቲማቲም።”

“ቲማቲም አይሁን። ጥቁር ጠብ አድርጊ። አሁንስ?”

“እንደ ጉበት።”

“ደግ። ይኸ መስመር የት ላይ ያልቃል? ጣትሽን አድርጊበት።”

ትምህርት ነው! እኔ የማላውቀውን ሁሉ እየጠየቁ ያስተምሯታል! እኔን አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ “እንደ ምን ያለ ቀይ?” ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እስክሞት ድረስ የምመልሰው አልነበረኝም መሰላችሁ? ቀይ እኮ ከመቶ በላይ ነው! እሷ ቲማቲምና ጉበት ታውቃለች።

ከአጥር ሥር በላምባ ጥፍሯን ስታሽ ያዝኳት። ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ነበር።

“እሳቸው ጋ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ቀለም አቀብላለሁ። ለአባዬ እንዳትነግሪ።”

“ቤተ ክርስቲያን የማትሳለሚ ልጅ ስለ ፈርዖን ምን ታውቂያለሽ?”

“ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረናል። ሰጠመ።”

“ወታደሮቹ ስንት ዓይን አላቸው?”

“ሁለት ነዋ። ሰው ስንት ዓይን አለው?”

እስኪያንቀኝ ሳቅሁ። አላረምኳትም። ደግሞ ለምን አርማታለሁ? አስተማሪ አላት።

ለጋሽ ጸጋም አልነገርኩም፤ ላምባው ራሱ ነገራቸው። አንድ ማታ ከሥራ ሲገቡ እጇን ይዘው አሸተቱና ቀጥ ብለው ወደ መሪጌታ ክፍል ሄዱ። ፊታቸው ተለዋውጧል። አሁን ይፈነዳል ብዬ በደስታ ከልብስ ማስጫው ጀርባ ተጠጋሁ። በሩ ተዘጋ። ጩኸት ጠበቅሁ። የሰማሁት የመሪጌታን የወረደ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቆይቶ ደግሞ ጋሽ ጸጋ “እስከ መቼ?” ሲሉ፣ መሪጌታም “ባሕሩ እስኪዘጋ” ሲሉ። ጋሽ ጸጋ ሲወጡ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። “ከእኛ ቤት አይወጣም መሪጌታ። እግዚአብሔር ያግዝዎት” አሉ። ከማግስቱ ጀምሮ ልጅቱ በቀን፣ በግልጽ፣ በአባቷ ፈቃድ ትገባ ጀመር።

ጴንጤው ጋሽ ጸጋ ልጃቸውን ለእኛ ደብር ሥዕል ፈቀዱ! ተሰጥኦዋ ምን ቢሆን ነው ይህን ሰው ያሸነፈው? እኔ እንደዚያ ነው የተረዳሁት። በቅናት ትኩሳት ያዘኝ፤ እናቴ ወባ ነው ብላ ኪኒን ሰጠችኝ።

ከዚያ አቶ ገረሱ ሥራውን ሊያዩ መጡ። እናቴን በጓሮ “እያዘገሙ ነው ይባላል፣ ሌላ ሠዓሊ ይምጣ የሚሉም አሉ” ሲሏት ሰምቻለሁ። ሁላችንም መሪጌታ ክፍል ውስጥ ተጠጋጋን፤ ባሕሩ ላይ ሠራዊቱ ገና አልተሣለም ነበር። አቶ ገረሱ ከባሕሩ ዳር ወዳለ ሰው ጣታቸውን ቀስረው፣ “ይኼኛው ማነው መሪጌታ?” አሉ።

መሪጌታ ራሳቸውን ወደ ጎን አዞሩ።

“በትር የያዘው ሙሴ ነው አይደል መሪጌታ? እጁን የዘረጋው?” አለች ጵርስቅላ ከፍ ባለ ድምፅ።

“ሙሴ ነው” አሉ መሪጌታ። “ምን ጥያቄ አለው?”

“ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት እኮ!” አለች እናቴ። የእኔ እናት! የሰው ፊት እንኳ ሳትፈራ ጎላ ጎላ እያለች የምትቀባጥረውን ልጅ፣ ጎበዝ!

ሥዕሉ አለቀ። ተጠቅልሎ በፒካፕ ተጭኖ ወጣ፤ እኔም ከቅናቴ የተነሣ ያንን ደብር ረግጬ አላየሁትም። መሪጌታ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ለጵርስቅላ ብሩሻቸውን ሰጧት። የእኔን ራስ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ “ምላስሽን ለእጅሽ አውሺው” አሉኝ። አዛዤን አልመለሱም። ሌባ፣ አልኩ በልቤ።

አሁን ሁለት ሺህ ስምንት ነው። ሚልኬሳ ጉርድ ሾላ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ፊት ለፊት፣ የማስታወቂያ ሥራና የኅትመት ቤት አለው። ጨዋታውን አልተወውም። ወታደሮቹን በፕላስቲክ አስቀርጿል፣ ሕጉን አሳትሟል፣ ስሙንም “አንድ ዓይን” ብሎታል። ቀለማቸውን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ሠርቶ ማሳያዎቹን በሙሉ፣ በእጄ። ሳጥኑን ሲያሳየኝ ጀርባውን ገለበጥኩት። “መልክ፦ ከሠዓሊ መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ የተወረሰ” ይላል። ከሥሩ፣ ጉንዳን በሚያነበው ፊደል፣ “ቀለም፦ ሐመልማል”።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ክሬዲት ነዋ። ምነው?”

“ካንዴላውን ማን አቆመው?”

“ሐሚ፣ አንቺ ጀመርሽው፣ እሺ። ግን እሳቸው ባይመጡ ካንዴላ ነበር የሚሆነው። ያ ወፍራም መስመር፣ ያ ጨለማ… ስታይሉ የእሳቸው ነው። ሰው የሚገዛው እሱን ነው።”

እውነቱን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

“ከሳጥኑ ጋር ለምትወጣው መጽሔት የእንጦጦውን ሥዕል ፎቶ አንሺልኝ” አለኝ ደግሞ ሳያፍር። “አቶ ገረሱ ፈቃድ አውጥተውልናል። ጵርስቅላም ልምጣ ብላለች፤ ደውላልኛለች።”

አቶ ገረሱ አሁን አርጅተዋል፤ መሪጌታ ደግሞ ካረፉ ቆይተዋል። ጵርስቅላ እዚያው ጉርድ ሾላ ቢሮ ገብታለች፤ ተረከዟ የሚንቋቋ፣ ጥፍሯ የተቀባ፣ ላምባ የማይነካው። ታክሲው ካወረደን በኋላ ዳገቱን በእግር ስንያያዘው ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች።

“አንቺ ምን አሰኘሽ?” አልኳት። “ሥዕል አትወዱም አይደል?”

“ግድግዳው ላይ አይቼው አላውቅም እኮ። ከግቢያችን እንደወጣ ነው የቀረው።” ትንሽ ሄድን። “የሠራሁት እኔ ነኝ ሐሚ። አብዛኛውን።”

“ተማሪያቸው ነበርሽ፣ አውቃለሁ።”

ቆመች። “ተማሪ? ምን አስተማሩኝ? አያዩም ነበር እኮ!”

ከባሕር ዛፉ መሐል ነፋስ መጣ። ጫማዋን ከእጇ ተቀበልኳት።

“መሐሉ ጠፍቶባቸው ነበር” አለች። “ዳር ዳሩ ብቻ ነበር የቀረላቸው። ለዚያ ነው እንደዚያ ዘወር የሚሉት። ቀይ ይሁን ጥቁር አይለዩም፤ እኔ እነግራቸዋለሁ። አባዬ ሊጣላቸው ገብቶ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ሰበካው ካወቀ ሥራውን ይቀማቸዋል፣ ‘ይቺ የመጨረሻዬ ናት’ ብለውት ነበር።”

የጣት ያህል የወፈረው መስመር! ሚልኬሳ ስታይል የሚለው፣ ሳጥን ላይ ያተመው! ቀጭን ቢሆን አይታያቸውም ነበር። ያቺን አዛዤን ያላዩዋት፣ የዳሰሷት…

“ለምን አንቺን?” አልኳት።

“እኔ ጴንጤ ነኛ። እኛ ቤት የሰበካ ሰው አይገባም፤ ሥዕሉ ቢሳሳትም አላውቅም፣ አላወራም። አንቺን ግን ይፈሩሽ ነበር። ‘ያቺ የእትዬ የሺሃረግ ልጅ አንድ ቀን አጠገቤ ከዋለች ታየኛለች’ ይሉ ነበር። ‘እሷ ዓይን አላት።’”

እሷ ዓይን አላት። ይህችን ቃል ያኔ ብሰማት ኖሮ ወሰንን በእጄ ተሸክሜ እዞር ነበር። ስንት ዓመት ጵርስቅላ ዘንድ ተቆልፎባት ኖረች። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እንደማያዩ ባውቅስ ኖሮ ለማን እነግር ነበር? እሺ፣ ለእናቴ። እናቴም ለማኅበሯ። እሺ።

ነጠላ የማትይዝ መስሎኝ ሁለት ይዤ ነበር የመጣሁት፤ ከደጁ ላይ አንዱን አለበስኳት። በሴቶች በኩል ገባን። ግድግዳው ላይ ባሕሩ ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው። ውስጡ ደግሞ ሠራዊቱ።

ካንዴላዎቼ ነበሩ።

ፈረስ ላይ ያሉት፣ ከሠረገላ የወደቁት፣ እጃቸው ብቻ ከውኃ የወጣው፣ ሁሉም በጎናቸው፣ ባለ አንድ ዓይን። ባለ ቀለበት ነጭ አንገት። ባለ ስድስት ጎን ወገብ። የጠቆረ እግር። ፈርዖን ራሱ አዛዤ ናት፤ ግራ ትከሻዋ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሳይቀር ሥለውታል፤ ለካ አውራ ጣታቸው ያቺን ይዞ ነበር የሄደው። ሚልኬሳ ጨዋታው መልኩን ከእሳቸው ወረሰ ይላል። እነሆ እንጦጦ ላይ፣ በደብሩ ግድግዳ፣ እሳቸው ከማን እንደወረሱ!

ዞሬ ልነግራት ስል ጵርስቅላ አጠገቤ የለችም። ጥጉ ላይ ፈዝዛ ቆማለች። ከፊቷ አንዲት አሮጊት ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ይጸልያሉ። ከግንባራቸው በላይ፣ ከሚሰጥሙት ሁሉ መሐል፣ አንድ ትንሽ ወታደር ፊት ለፊት ያያል። ሁለት ዓይን። አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ፣ ድንች ድንች የሚል።

አሮጊቷ ሥዕሉን ሳሙና ቀና አሉ። የማርያምወርቅ ይባላሉ፤ ኋላ ነገሩን።

“እማማ፣ እኒህ ማን ናቸው?” አልኳቸው።

“ስማቸው አልተጻፈም የኔ ልጅ። ከፈርዖን ጋር ወጥተው መንገድ ላይ ልባቸው የተመለሰ ናቸው ይባላል። አላየሽም? ሁለት ዓይን ነው ያላቸው። ለዓይን ሕመም የሚስተካከላቸው የለም፤ ከሱሉልታ ድረስ ነው የሚመጣው ሰዉ።”

ግድግዳው እዚያች ላይ ከከንፈር ብዛት ወዝቷል። ሌሎቹ ካንዴላዎቼ ላይ አቧራ አለ።

“ሐሚ” አለች ጵርስቅላ በሹክሹክታ፤ እንባዋ ቀርቧል። “እኔ እኮ ነኝ የሣልኩት… አላወቅሁም ነበር… ማንም አልነገረኝም…”

ማን እንዳልነገራት እኔ አውቃለሁ። አንገቱ የእኔ ነው። ወገቡ የእኔ ነው። እግሩ ላይ ያለው ጥላሸት ሳይቀር የእኔ ነው። የሚሳመው ግን የእሷ ዓይን ነው።

ካሜራዬን አወጣሁ።

“ፈቀቅ በይ እስቲ” አልኳት። “ወታደሬን ጋረድሽው።”